ነፍሰ ጡር እናት የጥርስ ሕመምን እስክትወልድ መቻል የለባትም

ብዙ ነፍሰ ጡር እህቶች ጥርሳቸውን ሲያማቸው «ሐኪሙ ጽንሱን ይጎዳብኛል» ብለው ሕክምናውን ይፈራሉ። ፋርማሲ መጥተው ግን ያለ ማዘዣ «የጥርስ ኪኒን ስጪኝ» ይላሉ። መፈራት የነበረበት ይኸኛው ነው።

ቴትራሳይክሊን ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ከተወሰደ የሚወለደውን ልጅ ጥርስ በማይለቅ ቢጫ ወይም ቡናማ ቀለም ያበላሻል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ደግሞ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል በልኩ ሲወሰድ ይሻላል፤ ይሁን እንጂ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ የተቦረቦረውን ጥርስ አያድንም። የጥርስ ሐኪም እርጉዝ መሆንሽን ካወቀ በማደንዘዣ መርፌ ሊሞላው ወይም ሊነቅለው ይችላል። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ እብጠት ወይም ትኩሳት ካለ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን አይጠበቅም። ባሎችም ይህን አውቃችሁ ሚስቶቻችሁን ውሰዷቸው።

ጽንሱ ካልሲየም ከእናቱ ጥርስ ይመጥጣል የሚባለው ልክ አይደለም። ጥርስን የሚበላው አሲድ ነው። ይህም ባክቴሪያ ከጣፋጭ ምግብ የሚሠራው ነው፤ ትውከትም አሲድ አለው። ስለዚህ ካስመለሰሽ በውሃ ተጉመጥመጪ፣ ለመፋቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዪ። ድድሽ ቢደማም መፋቅ አታቁሚ። የሚደማው በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ነው፤ ቆሻሻ ሲጠራቀምበት ይብስበታል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው ባይከብድ ኖሮ በየሰላቱ ሲዋክን ያዝዙ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በዚህ ሱና ላይ ማታ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽን ጨምሪበት።

የአንቺ አፍ ንጹሕ መሆን ለልጁም ነው። ጥርስ የሚያበላሸው ባክቴሪያ በምራቅ ይተላለፋልና የልጁን ማንኪያ በአፍሽ አትቅመሺ። ስኳር ያለው ሻይ ወይም ወተት በጡጦ አጉርሰሽ አታስተኚው። የመጀመሪያው ጥርስ በስድስት ወር ገደማ ሲወጣ የሩዝ ፍሬ በምታክል የጥርስ ሳሙና ቦርሺለት።

ግግ ማስወጣትን በተመለከተ ፈጽሞ አይሆንም እላለሁ! በድዱ ላይ የሚታየው እብጠት ሊወጣ የደረሰ ጥርስ ነው፤ ተቅማጥ አያመጣም። በመሣሪያ ሲነቀል ልጁ ሊደማና ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስም ይጎዳል። ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ጡት ሳታቋርጪ፣ ኦ.አር.ኤስ እየሰጠሽ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።