የደንብ ልብስና ለባሹ

ናይሮቢ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 የተከፈተው የዌልስ ልዑል ትምህርት ቤት፥ ዛሬ ናይሮቢ ትምህርት ቤት የሚባለው፥ በቅኝ ግዛት ዘመን የካዴት ክፍል ነበረው። ትምህርት ቤቱ የተቋቋመው ለነጮች ልጆች ስለ ነበረ፥ የአገሬው ልጅ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ስፍራ አልነበረውም።

የቀድሞው መኮንን ጄፍሪ ግሪፊን ግን በ1959 ከሁለት ኬንያውያን ባልደረቦቹ ጋር ስታሬሄ የተባለውን ቤት ሲመሠርት፥ ቀይ ሸሚዝና ሰማያዊ ቁምጣ ያለበሰው መጠጊያ ያጡትን ልጆች ነው። በ1964ም ኬንያ ያቋቋመችውን የብሔራዊ ወጣቶች አገልግሎት እንዲመራ ተሾመ። የደንብ ልብስ ድኻውንና ባለጠጋውን አስተካክሎ የሚያቆመው እንደዚህ ለሁሉም ሲደርስ መሆኑን እናስተውላለን።

እንግዲህ ለፍተሻ የሚዘጋጅ ተማሪ ከዋዜማው ሸሚዙን ይተኩስ፤ የቀበቶውን ዘለበት ያብራ፤ ጫማውን ይወልውል። የላላ ቁልፍ ቢያገኝ ራሱ ይስፋው፤ እኅቱ ከሰፋችለት የተፈተነችው እርስዋ ናትና።

ልብሱ ከተሰናዳ በኋላ ወደ ዕውቀቱ ይመለስ። ማዕርጎችን ከታች እስከ ላይ በቃሉ ይያዝ፤ ካርታ ማንበብን ከጓደኛው ጋር እየተጠያየቀ ያጥና። ያላጠናውን ቢጠየቅ፥ ቀጥ ብሎ ቆሞ «አላውቅም፥ ጌታዬ» ማለት ከመቀባጠር ይሻለዋል፤ መኮንኑ ስሕተትን ያርማል፥ ሐሰትን ግን አይረሳም።

በሰልፍ ላይ የሚመረመረው ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ልብሱን አውልቆ ወደ ቤቱ ሲገባ ደግሞ ወላጆቹና ጎረቤቶቹ ጠባዩን ይመረምራሉ፤ የዚህኛው ፍተሻ ቀን አስቀድሞ አይነገርም።