የደም ቁጥር

አንባቢ ሆይ፤ ከቤተሰብህ መካከል ከሁሉ ይልቅ የተማርህ አንተ ከሆንህ፣ አንድ ቀን ከሐኪም ቤት የመጣች ትንሽ ወረቀት እጅህ ትገባ ይሆናል። በወረቀቲቱ ላይ ብዙ ቁጥር ተጽፏል። ከእነዚያ አንዱ «ሄሞግሎቢን» ከሚለው ቃል አጠገብ ያለው ነው። ይህን ቁጥር ማንበብ ለካንሰር ሕመምተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ዛሬ እንነጋገር።

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። አንዲት እናት በደብረ ኤልያስ ይኖራሉ እንበል። የማሕፀን በር ካንሰር ተገኝቶባቸው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለጨረር ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ልጃቸው ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ጠይቆ፣ ገንዘብ ተበድሮ ይዟቸው ይነሣል። ደብረ ማርቆስን አልፈው፣ የዓባይን በረሃ ወርደውና ወጥተው አዲስ አበባ ይገባሉ። ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ያለው መንገድ ብቻ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግሥቱ ደማቸው ሲመረመር ሄሞግሎቢን 7.2 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙም «በመጀመሪያ ደም ይሰጣቸው፤ ጨረሩ ሌላ ቀን ይሆናል» አሉ።

ገንዘቡም ድካሙም ያሳዝናል፤ ይልቁንም የተላለፈው የሕክምና ቀን ያሳዝናል። ዳሩ ግን እናቲቱ ከሁለት ሳምንት በፊት «ልጄ፣ ከምንጭ ስመለስ ልቤ ይመታብኛል፤ እርጅና ነው መሰል» ብለው ነበር። ልጁም እርጅና መስሎት ዝም አለ። እርጅና አልነበረም፤ ደም ማነስ ነበር።

ሄሞግሎቢን ማለት በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የሚገኝ፣ ብረት ያለበት ንጥረ ነገር ነው። ሥራውም ኦክሲጅንን ከሳንባ ተቀብሎ ለሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። አንድ ቀይ ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለ ሆነ፣ የአጥንት መቅኔ ሌሊትና ቀን አዲስ ሕዋስ ሲሠራ ይኖራል። ካንሰር ይህን ሥራ በብዙ መንገድ ያውካል። የማሕፀን በር ካንሰር ደም ያፈስሳል። ካንሰርን የሚገድለው መድኃኒት መቅኔውንም ያደክማል። አንዳንዱ መድኃኒት ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፤ መቅኔን ደም እንዲሠራ የሚያዝዘው ቅመም የሚወጣው ከኩላሊት ነውና። ከዚህም በላይ በሽታው ራሱ ሰውነት ያከማቸውን ብረት እንደ ተቆለፈ ጎተራ ያደርገዋል፤ ብረቱ አለ፣ መቅኔው ግን አያገኘውም።

ጨረር ደግሞ ሥራውን በሚገባ የሚሠራው ኦክሲጅን ባለበት ሥጋ ላይ ነው። ስለዚህ የደም ማነስ ነገር የድካም ነገር ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውንም ይነካል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንመለስ። ቁጥሩ በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም ሄሞግሎቢን እንዳለ ይናገራል። የዓለም የጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12፣ ለወንድ ከ13 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይለዋል፤ ከ8 በታች ከሆነ ከባድ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሰውነት ደም ያበዛል። ስለዚህ ድርጅቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2000 እስከ 2499 ሜትር ከፍታ ለሚኖር ሰው ልኩ በ1.4 ግራም ከፍ እንዲል አዝዟል። ደብረ ማርቆስ በዚህ ውስጥ ይገባል።

ይሁን እንጂ የእኛ አገር ደገኛ ሌላ ጠባይ አለው። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ባወጡት ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። የሄሞግሎቢናቸው መጠን በወንዶቹ 15.9፣ በሴቶቹ 15 ሆኖ ተገኘ፤ ይኸውም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። ከዚህ የምንማረው፣ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ልክ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሕመምተኛው ከራሱ የቀድሞ ቁጥር ጋር ማስተያየት እንደሚገባ ነው። ባለፈው ወር 12 የነበረው ዛሬ 9 ከሆነ፣ መውረዱ ራሱ ይናገራል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? አንደኛ፣ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ተራ በተራ ጻፍ፤ ደብተሩንም ለሐኪሙ አሳይ። ሁለተኛ፣ ወደ ሩቅ ከመነሣትህ ከጥቂት ቀን በፊት ደማቸው በቅርብ፣ ለምሳሌ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል፣ ይቆጠር እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቅ። አንሶ ቢገኝ እዚያው ይታከማሉ፤ ቀጠሮውም አይተላለፍም። ሦስተኛ፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠንና ዳገት ላይ ትንፋሽ ማጠር ሲኖር «እርጅና ነው» አትበል። ተቀምጠው ሳሉ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፣ ደረታቸውን ቢያምማቸው፣ ራሳቸውን ቢስቱ፣ ብዙ ደም ቢፈስሳቸው ወይም ቢያተኩሳቸው ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ቤት ውሰዳቸው።

ምግብን በሚመለከት፣ ብዙ ሰው ለደም ማነስ ጥሬ ጉበት ያዝዛል። በካንሰር መድኃኒት ላይ ላለ ሰው ይህ አደገኛ ነው፤ በሽታን የሚከላከለው ነጭ የደም ሕዋስ አብሮ ይቀንሳልና። ጉበትም ሥጋም በደንብ ይብሰል። ምስርና ጎመን መልካም ነው፤ ሎሚ ቢጨመርበት ብረቱ ወደ ደም ይገባል፤ ቡናና ሻይ ግን ስለሚያግዱት ከማዕድ ይራቁ። በጾም ወራት የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። የብረት እንክብል ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ፤ ጎተራው ከተቆለፈ እንክብሉ አይረዳምና። ደም እንዲሠራ የሚያዝዘው መርፌም አለ፤ ነገር ግን ደም የማርጋት አደጋ ስላለበት ለሁሉ አይሰጥም።

ቁጥሩ ወደ 7 ወይም 8 ሲወርድ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ የሰው ደም ነው። አንድ ከረጢት ደም ቁጥሩን በአንድ ግራም ያህል ያነሣል። ይህ ደም በፋብሪካ አይሠራም፤ ከለጋሽ ብቻ ይገኛል። በማቀዝቀዣ የሚቆየውም ከ35 እስከ 42 ቀን ነው። ስለዚህ ደም ባንክ ዛሬ ቢሞላ በሚመጣው ወር ሊጎድል ይችላል።

አንባቢ ሆይ፤ ወጣትና ጤነኛ ከሆንህ በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ትችላለህ። አንተም ከመስጠትህ በፊት ሄሞግሎቢንህ ይለካል። በዚያን ጊዜ ቁጥርህን ስትሰማ፣ ዓባይን ተሻግረው የመጡትን እናት አስብ፤ የአንተ ትርፍ የእርሳቸውን ጉድለት ይሞላልና።