እህታችን ሣራና ብረቱ

እኛ በምናስተምርበት በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ውኃ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጃገረድ ብርቅ አይደለችም። ሴት ልጅ በሒጃቧ ክብደት ታንሳ ቢባል ግን ብዙው ሰው ይገረማል። ውድ አንባብያን፣ የግብጿ ሣራ ሰሚር አሕመድ ይህንኑ አድርጋለች።

ቀድሞ አይቻልም ነበር። ዳኞች ክንድና እግር በትክክል መዘርጋቱን እንዲያዩ ክርንና ጉልበት መገለጥ ነበረበት። አሜሪካዊቷ ሙስሊም ኩልሱም አብዱላህ አቤት ብላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ገላን የሚሸፍን ልብስ ፈቀደ። በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የ18 ዓመቷ ሣራ በ69 ኪሎ ምድብ ተወዳድራ፣ በሁለቱ የአነሳስ ዓይነቶች 112 እና 143፣ በድምሩ 255 ኪሎ በማንሳት የነሐስ ሜዳልያ አገኘች።

ለዚህ ዝግጅት ስትል የሁለተኛ ደረጃ ማጠቃለያ ፈተናዋ አመለጣት። አስተማሪዎች ነንና ይህ ቅር ያሰኘናል፤ ሌላ ቀን ብትፈተን ምን ነበረበት? የቶኪዮው ኦሎምፒክም አለፋት። ሌሎች የአገሯ ልጆች አበረታች መድኃኒት ወስደው በመገኘታቸው የግብፅ ክብደት አንሺዎች በሙሉ ታግደው ነበር። ባላጠፋችው ተቀጣች።

እርሷ ግን ልምምዷን አልተወችም። በ2022 ቦጎታ ላይ በ76 ኪሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2024 ደግሞ ፓሪስ ላይ 268 ኪሎ አንስታ ብር ወሰደች።