ሳሉ ካቆመ በኋላ ያበጠው እግር

የ2014 መስቀልን ለማክበር ከነባለቤቴና ከነልጆቼ አገር ቤት፣ አታት ገባሁ። መንገድ ላይ ያስለኝ ነበር። «ጉንፋን ነው» ብዬ ናቅኩት። የኮሮና ወሬ በሰለቸን ሰዓት ማን ለሳል ብሎ መስቀልን ያስቀራል? ደመራው ተለኩሶ፣ ክትፎው ተበልቶ፣ በአምስተኛው ቀን አባቴ ማሳል ጀመሩ። ዕድሜያቸው 70 አልፏል፤ ስኳርም አለባቸው።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ አትጨነቂ» ይሉኝ ነበር። እውነትም ቡናቸውን እየጠጡ ያወራሉ። ግድ ብዬ አታት ሆስፒታል ወሰድኳቸው። እናቴ እኔን ልትወልድ ስትቃረብ እዚያው ግቢ ባለው የነፍሰ ጡሮች ማረፊያ ሰንብታለችና ቦታው ለኛ ቤት እንግዳ አይደለም። ነርሷ ጣታቸው ላይ መለኪያውን ስታደርግ ኦክስጅናቸው 84 ሆነ። ከ90 በታች ከወረደ እኮ ያስፈራል።

እያወራ ያለ ሰው እንዴት ኦክስጅን ያጥረዋል? ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ችግሩ ሳንባው ላይ ብቻ አይደለም፤ የደም ሥሩም ተጎድቷል» አለኝ። ያኔ አልገባኝም፤ በኋላ ነው እያነበብኩ የገባኝ።

የደም ሥሮቻችን ከውስጥ በኩል አንድ ሴል ብቻ ውፍረት ያለው ስስ ሽፋን አላቸው። ሐኪሞች ኢንዶቴሊየም ይሉታል። እኔ የተረዳሁት በምጣድ ነው። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይይዛል። በደንብ የተሟሸ ከሆነ ግን እንጀራው ራሱ ይነሳል። ሽፋኑ ጤነኛ ሲሆን ደሙ ሳይዝ፣ ሳይረጋ ያልፋል፤ ውኃውም ከደም ሥሩ አይሾልክም። ቫይረሱና ከቫይረሱ ጋር የሚዋጋው የገዛ ሰውነታችን ቁጣ ሽፋኑን ሲልጡት ፈሳሽ ወደ ሳንባ አየር ከረጢቶች ይገባል፤ በቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ውስጥም ደም ይረጋል። ስኳርና ደም ግፊት ይህንኑ ሽፋን በዓመታት ውስጥ ሲያሳሱት ይኖራሉ። በሽታው በአያቶቻችን ላይ የከበደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ሚያዝያ 2012 ላይ የዙሪክ ሐኪሞች በኮሮና በጠኑ ሕሙማን የደም ሥር ሽፋን ላይ ብግነት ማየታቸውን ጻፉ። በማግስቱ ወር ደግሞ በኮሮና የሞቱ 7 ሰዎችንና በኢንፍሉዌንዛ የሞቱ 7 ሰዎችን ሳንባ ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። በኮሮናዎቹ ቀጫጭን ደም ሥሮች ውስጥ የረጋው ደም 9 እጥፍ ነበር። ኢንፍሉዌንዛውም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ካናዳ ውስጥ በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በምርመራ በተረጋገጠ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት የልብ ድካም የመምታት አደጋ 6 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል።

አባቴ ከ11 ቀን ኦክስጅን በኋላ ቤታቸው ገቡ። ሳሉም ለቀቃቸው። ተመስገን ብለን ሳንጨርስ፣ በሦስተኛው ሳምንት ግራ ባታቸው አበጠ፤ ሲነኩትም ይሞቃል።

«ብርድ ነው። ወጌሻ ይጠራና በቅቤ ይታሽ» አለች አክስቴ። ቅቤውን ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። እጄን ልሰድ ስል ሐኪሙ ሲያሰናብተን የተናገረው ትዝ አለኝ፦ «አንድ እግር ብቻ ካበጠ እንዳታሹት፤ ቶሎ አምጧቸው።» እግር ውስጥ የረጋ ደም ሲታሽ ተቆርሶ ወደ ሳንባ ሊሄድ፣ በደቂቃዎችም ሊገድል ይችላል። አክስቴ ተቀየመችኝ፤ እኔ ግን መኪና ለመንኩ።

የረጋ ደም ነበር። ለሦስት ወር የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ታዘዘላቸው። በኋላ የስዊድን ተመራማሪዎች አገር አቀፍ መረጃ አገላብጠው፣ ከኮሮና በኋላ በእግር ደም የመርጋት አደጋ እስከ ሦስት ወር፣ በሳንባ ደግሞ እስከ ስድስት ወር ከፍ ብሎ እንደሚቆይ ጽፈዋል። ሳል ቆመ ማለት በሽታው አለቀ ማለት እንዳልሆነ እኛ ቤት ቀድመን አውቀነው ነበር። በእናንተም ቤት በጠና ታሞ የተነሣ አዛውንት ካለ፣ የአንድ እግር እብጠት፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ካያችሁ ለነገ አትበሉት።

ሳሉን ማን እንዳመጣባቸው አባቴ ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም አልነገርኳቸውም። ዘንድሮ ለመስቀል ልንነሳ ስንል ግን ትንሹ ልጄ ያስለው ስለነበር ደወልኩላቸው።

«ሲሻለው ኑ» አሉኝ። «ቅቤው አይበላሽም።»