አዲሱን ጊታር ማስረጀት

የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታቀድ ቦታ ከተያዘላቸው ዘርፎች አንዱ ጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው። በአልባሳት ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። በዓለም ገበያ የሚሸጥ ጂንስ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካ የሚወጣው አርጅቶ ነው። ገና ማንም ሳይለብሰው ጉልበቱ ነጥቷል፣ የኪሱ ጠርዝ ተልጓል። ሱሪው ከድንጋይ ጋር ይታጠባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ በአንዳንድ አገሮች ደግሞ በግፊት አየር አሸዋ ይረጭበት ነበር። ይህ የመጨረሻው ዘዴ ሕይወት አስከፍሏል። ቱርክ ውስጥ የሲሊካ አቧራ የሳቡ ወጣት ሠራተኞች ሳንባቸው እየጠጠረ ስለሞቱ፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ጂንስን በአሸዋ ማስረጀትን ከለከለች።

ጂንስ ላይ የሚሠራው ይኸው ነገር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይም ይሠራል። ዛሬ በውድ ዋጋ ከሚሸጡ አዳዲስ ጊታሮች ብዙዎቹ ቀለማቸው የተላጠ፣ ብሎናቸው የዛገ፣ ነጭ ፕላስቲካቸው የወየበ ነው። ገዢው እያወቀ ለዚያ ጉዳት ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍላል።

ንግዱ በይፋ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ፌንደር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ በ1987 ባቋቋመው ልዩ ትዕዛዝ የሚሠራ ክፍል በኩል፣ አርጅተው የተሠሩ ጊታሮችን ለገበያ አቀረበ። ሐሳቡ ከሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ከኪዝ ሪቻርድስ እንደመጣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ይነገራል፤ የተሠሩለት ጊታሮች ከመጠን በላይ አዲስ ስለመሰሉት ትንሽ ቢጎሳቆሉ እንደሚሻል ተናገረ ይባላል። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የማስረጀት ሥራ ያከናወነው ቪንስ ኩኔቶ የተባለ ባለሙያ ነው። የጊታሩ ገላና አንገት አሜሪካ ሚዙሪ ግዛት ወዳለው ወርክሾፑ እየተላከለት፣ ቀብቶና አስረጅቶ ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌንደር ሜክሲኮ ውስጥ የሚሠራ ረከስ ያለ ዓይነት ጨመረ። ተፎካካሪው ጊብሰንም በ2021 በማስረጀት ባለሙያው በቶም መርፊ ስም የተሰየመ የማስረጂያ ክፍል ከፈተ።

ለመሆኑ ጊታር በተፈጥሮው እንዴት ያረጃል? መልሱ ያለው በቀለሙ ውስጥ ነው።

ሊዮ ፌንደር ቴሌካስተርን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ስትራቶካስተርን በ1954 ለገበያ ሲያወጣ፣ በዘመኑ ለመኪናና ለቤት ዕቃ ቅብ ይውል የነበረውን ናይትሮሴሉሎስ ላከር ይጠቀም ነበር። ደንበኛ በተለየ ቀለም ሲያዝ ደግሞ ዱፖንት ለመኪና አምራቾች የሚያቀርባቸው ቀለሞች ይረጩበት ነበር።  ናይትሮ የሚደርቀው በውስጡ ያለው ማቅለጫ ተንኖ ሲወጣ ነው። ትነቱ ደግሞ በአንድ ቀን አያልቅም። ቅቡ ለዓመታት እየሳሳ፣ እየተሰባበረ፣ ወደ ቢጫ እያደላ ይሄዳል፤ ነጩ ጊታር ክሬም ይሆናል፣ ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ይጠጋል። እንጨቱ በሙቀትና በብርድ ሲለጠጥና ሲኮማተር የደረቀው ቅብ አብሮት መሄድ ስለሚያቅተው እንደ ክር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ይላጣል፤ የቀበቶ ዘለበት ጀርባውን ይፍቃል፤ አንገቱ ላይ የግራ እጅ አውራ ጣት የሚመላለስበት መንገድ እንጨቱ እስኪታይ ይነጣል።

እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ፌንደር ወደ ፖሊስተር ዞረ። ፖሊስተር በኬሚካል ውሕደት የሚጠጥር፣ ወፍራምና ፕላስቲክ መሰል ቅብ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚገኘው አብዛኛው ጊታር በእሱ ወይም በዘመዱ በፖሊዩሬታን የተቀባ ነው። ሃምሳ ዓመት ቢቆይም በውበት አያረጅም፤ ሲመታ ይፈረፈራል እንጂ አይላጥም። አዲስ ጊታር ለማስረጀት የሚነሣ ሰው የሚጋፈጠው ትልቁ ችግር ይህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድካም መነሻ ከሆኑት እውነተኛ አሮጌ ጊታሮች መካከል የአየርላንዳዊው ሮሪ ጋላገር ስትራቶካስተር የታወቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ተሠርቶ፣ ጋላገር በ1963 ኮርክ ከተማ በ100 ፓውንድ ገዛው። ተሰርቆ ዝናብ ሲመታው ቆይቶ ተገኝቷል። የባለቤቱ ላብ ቀለሙን ስለበላው ከፊቱ አብዛኛው ክፍል ባዶ እንጨት ነው። ጋላገር በ1995 ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ ጠብቆት ቆይቶ፣ በጥቅምት 2024 ለንደን ውስጥ ወደ 890 ሺህ ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ተሸጦ ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ተሰጠ። ፌንደር የዚህን ጊታር እያንዳንዱን ጭረት ቀድቶ እየሠራ ይሸጣል። ቅጂውን የሚገዛ ሰው የሌላውን ሰው የሠላሳ ዓመት ላብ በመልክ ደረጃ ያገኛል ማለት ነው።

በድምፅ ደረጃስ? እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ስለሚያጋንኑ በግልጽ መናገር ይገባል። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ የሚወለደው ከክሩ ሥር ባለው ፒክአፕ ላይ ነው። ፒክአፕ ማለት በሺዎች በሚቆጠር ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው፤ የብረት ክሩ ሲርገበገብ ሽቦው ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። የዛገ ብሎንና የወየበ ፕላስቲክ በዚህ ላይ የሚጨምሩት አንዳች ነገር የለም። እውነተኛው ለውጥ ያለው እጅ ላይ ነው። ጠርዙ የለሰለሰ፣ ቅቡ የተነሣለት አንገት መዳፍ ላይ አይጣበቅም። እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ በላበ እጅ ለሚጫወት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከማስረጀት ሥራ ሁሉ አንድ ብቻ ቢመረጥ የሚያዋጣው የአንገቱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው በካቻቢቴ ነው። ክሩ ይፈታል፣ አንገቱ ከገላው ይለያል፣ ፒክአፑና የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ ማግኔት የብረት ብናኝ ስለሚስብ ይህን መዝለል በኋላ ጊታሩን ድምፅ አልባ ሊያደርገው ይችላል። የኒኬል ክፍሎች መጀመሪያ አንጸባራቂ ገጻቸው በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይለዝባል። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ከአቼቶ በላይ፣ ሳይነኩት፣ ተንጠልጥለው ያድራሉ፤ ትነቱ ያጠቁራቸዋል። ክፍሎቹ ላይ ጨው ቢነሰነስ ዝገቱ ይፈጥናል። በረኪና ግን በፍጹም አጠገቡ አይደርስም፤ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ መርዝ ነው። ነጭ የፕላስቲክ ቁልፎችና የፒክአፕ ክዳኖች በጠቆረ ሻይ ወይም በቡና ውስጥ ተዘፍዝፈው የዝሆን ጥርስ መልክ ይይዛሉ። ወፍራም ቡና በየቤቱ በሚፈላበት አገር ለዚህ ግብዓት አይታጣም።

ገላው ከባዱ ነው። ፖሊስተሩ በሙቅ አየር መንፊያ እየለሰለሰ መገፈፍ አለበት፤ ከዚያ እንጨቱ ተልጎ በስሱ ናይትሮ ይረጫል። የቤት ዕቃ ሠሪዎች አልጋና ቁም ሣጥን ላይ የሚረጩት ላከርም ብዙ ጊዜ የዚሁ ዘር ነው፤ ስለዚህ የጊታር ባለሙያ በሌለበት ከተማ ጥሩ ቀለም ረጪ አናጺ ግማሹን መንገድ ያስኬዳል። ቅቡ ሳምንታት ከደረቀ በኋላ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሲያገኘው ስንጥቁ ይመጣል፤ ባለሙያዎቹ የቅዝቃዜ ስፕሬይ ወይም ፍሪዘር ይጠቀማሉ። ቀጥሎ ያለው መላጥ የማስተዋል ሥራ ነው። ጀማሪዎች የሚያበላሹት እዚህ ነው፤ በየቦታው ይፍቁና ጊታሩ ከመኪና የወደቀ ይመስላል። እውነተኛ ድካም ግን ሰውነት የነካውን ብቻ ይበላል። ክንድ፣ ዘለበት፣ አውራ ጣት፤ ከእነዚህ ውጭ ያለው ደህና መሆን አለበት።

ስለ ጤና የተነገረው የጂንስ ሠራተኞች ታሪክ ይህንንም ሥራ ይመለከታል። የድሮ ቅብ አቧራና የናይትሮ ትነት በጨርቅ ጭምብል አይመከትም፤ ለአቧራም ለኬሚካል ትነትም የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ናይትሮ እሳት በቀላሉ ስለሚይዘው መርጨት ያለበት ከምድጃና ከሲጋራ ርቆ፣ ከቤት ውጭ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደረቅና ሞቃት ከተማ በመሆኗ ጊታር ላይ የራሷን ሥራ ትሠራለች። እርጥበት ካለው አገር የመጣ አንገት እዚህ ሲደርቅ ይጠብባል፤ አንገቱ ላይ በአግድም የተሰካው ብረት፣ ፍሬት፣ ግን አብሮ አይጠብም፣ ጫፉ ወጥቶ መዳፍ ይቧጭራል። መፍትሔው ጫፉን በጥሩ ሞረድ ማስተካከል ነው።

በኢትዮጵያ የጊታር ድካም ታሪኩ የብዙ እጆች ታሪክ ነው። የድሬዳዋው ልጅ ድምፃዊው ዓሊ ቢራ በታዳጊነቱ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር ጀምሮ፣ በኋላም በክቡር ዘበኛ ባንድ ያለፈው፣ መሣሪያው በአብዛኛው የተቋሙ ንብረት በነበረበት ዘመን ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ በትውልድ ከተማው የተቀበረው ይህ ሰው ጊታርም ዑድም ይጫወት ነበር። የክለብና የሆቴል ባንዶችም ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት በባለቤቱ ዕቃ ነበር፤ ዋልያስ ባንድ የራሱን መሣሪያ መያዙ በጊዜው እንደ ነጻነት የሚቆጠር ነበር። ሰላም ስዩም ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 በማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ላይ ያሰማውን ጊታር ዛሬ ፓሪስና ኒውዮርክ ያሉ ወጣቶች ጣት በጣት ያጠኑታል። የዚያን ዘመን ድምፅ ፍለጋ አሮጌ መሣሪያ የሚያድኑም አሉ።

ማስረጀት በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ በግልጽ እስከተሠራ ድረስ እንደ ማንኛውም የእጅ ሙያ ሊከበር ይገባዋል። ፌንደር ራሱ በልዩ ትዕዛዝ ክፍሉ ባስረጃቸው ጊታሮች አናት ጀርባ ላይ የክፍሉን ማኅተም ያትማል። ወንጀሉ የሚጀምረው ርካሽ ጊታር አናት ላይ የሌላ ኩባንያ ስም ተለጥፎ የ1960ዎቹ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው። የሚገዛ ሰው አንገቱን አስፈትቶ ሥሩን ይይ፤ በድሮዎቹ ላይ ብዙ ጊዜ ቀን ተጽፎ ወይም ታትሞ ይገኛል። 

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀው ግን ተቃራኒው ነው። በአንድ ኦርኬስትራ ዕቃ ቤት፣ በአንድ ሆቴል ምድር ቤት ወይም በአንድ ጡረተኛ ሙዚቀኛ አልጋ ሥር የተላጠ አሮጌ ጊታር ቢገኝ፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ቀለም አስቀብቶ ማሳደስ ሊሆን ይችላል። በሰብሳቢዎች ገበያ ግን እንደገና የተቀባ የድሮ ጊታር ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ማን እንዴት እንደተጫወተበት የሚናገረው ምልክትም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ዕቃ የሚያስፈልገው በደረቅ ጨርቅ መጠረግ፣ የክሩ መላላት፣ ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀት ርቆ በሣጥን መቀመጥ ነው። የተሰበረ ማስተካከያ ቢለወጥ እንኳ አሮጌው አይጣል፤ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ከጊታሩ ጋር ይቀመጥ።