ከጅቡቲ ማዶ ያሉት ሁለቱ የባሕር ዳር ከተሞች

ከደጋው አገር ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ለጉዳይ ነው። የመጣለትን ዕቃ ከመጋዘን ያስወጣል፤ ከአስተላላፊው ጋር ሒሳቡን ይተሳሰባል፤ ሙቀቱን ያማርራል፤ ከዚያም ባሕሩን ከሩቅ እንዳየ ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱና ልጆቹ ባሕር እንዴት ያለ ነው ብለው ሲጠይቁት የሚነግራቸው ስለ መርከቦቹ ብዛትና ስለ ቀረጡ ይሆናል። እኛ ዛሬ ለቤተ ሰብ የምንመክረው ሌላ ጉዞ ነው። ይኸውም ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳሉት ወደ ሁለቱ ትንንሽ ከተሞች፣ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚደረገው ነው። ከነዚህ ከተሞች ጋር የአገራችን ሰዎች ብዙ ዘመን ተዋውቀው ሳለ ዛሬ ስማቸውን እንኳ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝናል።

እስከ ጅቡቲ ድረስ በአውሮፕላን ወይም በመስከረም 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መሄድ ይቻላል። ባቡሩ መንገደኞችን የሚያወርደው ከከተማው ዳር፣ ናጋድ በተባለው ጣቢያ ነው። ከጅቡቲ ወደ ታጁራ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ባሕሩን አቋርጦ በመርከብ መሻገር ነው፤ ሁለተኛው ባሕረ ሰላጤውን በአውቶሞቢል መዞር ሲሆን፣ ርቀቱ አንድ መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሲሄዱ በየብስ፣ ሲመለሱ በባሕር ቢሆን ሁለቱንም ለማየት ስለሚመች ይህን እንመርጣለን።

በየብሱ መንገድ መሬቱ ሁሉ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ባሕሩ ወደ ውስጥ ገብቶ በተራራ የተከበበበት ጉቤት የተባለው ስፍራ ከዚሁ መንገድ ላይ ይታያል። ከዚያ ጥቂት ገባ ሲሉ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች አንድ መቶ ኀምሳ አምስት ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘው የአሳል ሐይቅ አለ። በአፍሪካ ምድር ከዚህ የበለጠ ዝቅተኛ ቦታ የለም። የሐይቁ ዳር በጨው የነጣ ነው፤ የአፋር ነጋድያን ይህን ጨው በግመል እየጫኑ ወደ ደጋው ሲያወጡት ኖረዋል። ልጆች በመጀመሪያ ሲያዩት በረዶ መስሏቸው እንደሚሮጡ አይጠረጠርም፤ ነገር ግን የጨው ቅርፊቱ እግር ስለሚቈርጥ ጫማቸውን እንዳያወልቁ ይጠበቁ።

ታጁራ በጎዳ ተራሮች ግርጌ በባሕሩ ዳር የተዘረጋች፣ በጅቡቲ አገር ካሉት ከተሞች ሁሉ የቀደመች ከተማ ናት። ቤቶቿ በኖራ የተቀቡ ስለ ሆኑ ከመርከብ ላይ ሲያዩዋት ከጥቁሩ ተራራ ሥር ነጭ ነጠላ የተሰጣ ይመስላል። የሰባት መስጊድ ከተማ እያሉ ይጠሯታል። የአፋር ሱልጣን መቀመጫ ስትሆን፣ ሱልጣኑ በአፋርኛ ደርደር ይባላል። የአልጋው ሥርዐት ለአንባብያን ሳያስደንቅ አይቀርም፤ ደርደሩ ሲሞት የሚተካው ልጁ አይደለም፤ ባኖይታ የተባለው ሁለተኛው ሹም ነው እንጂ። የባኖይታውም ስፍራ ለሟቹ ደርደር ወገን ይሰጣል። ሁለቱ ቤቶች እንዲህ እየተፈራረቁ ስለሚይዙት አንዱ ሌላውን ነቅሎ ለመጣል ምክንያት ያጣል።

ወደ ሸዋ ይመጡ የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች በመርከብ ወርደው ግመል የሚከራዩት በዚህች ከተማ ነበር። የእንግሊዝ መልክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በ1833 ዓ.ም. ግንቦት ከዚህ ዳርቻ ወርዶ፣ በረሃውን ከአንድ ወር በላይ ተጕዞ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደርሷል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦም ቅኔውን ከተወ በኋላ ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ መጥቶ፣ ግመልና ፈቃድ እስኪያገኝ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ታጁራ ተቀምጧል። የተነሣው በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲሆን አንኮበር የደረሰው ከወራት በኋላ ነው። ዛሬ አንድ የሹም ፊርማ ዘገየብን ብለን የምናጕረመርም ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው።

በዚያው ዘመን አንድ አስቂኝ ውል ተደርጓል። ከጅቡቲ ከተማ ፊት ለፊት ሙሻ የተባለች ዝቅተኛ ደሴት አለች፤ ዛሬ ሰው በጀልባ ሄዶ የሚዋኝባት ናት። እንግሊዞች ይህችን ደሴት በ1832 ዓ.ም. ከታጁራ ሱልጣን የገዙት በዐሥር ከረጢት ሩዝ ነበር።

ይሁን እንጂ በታጁራ በኩል ያለፈው ጨውና ጠመንጃ ብቻ አይደለም። ከደጋው አገር፣ ይልቁንም ከደቡቡና ከምዕራቡ፣ ተፈንግለው የመጡ ወንዶችና ሴቶች ልጆች በዚህ ዳርቻ ወደ ዐረብ አገር ይጫኑ ነበር። ዛሬ ልጆቻችን በሚጫወቱበት አሸዋ ላይ የነርሱ እኩዮች ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ አይተው ተሻግረው ቀርተዋል። ወላጆች ይህን ነገር ለትልልቆቹ ልጆች ሳይደብቁ ቢነግሯቸው ይሻላል እንላለን፤ ነጋዴዎቹ ከባሕር ማዶ የመጡት ብቻ እንዳልነበሩና ከእኛም ወገን ፈንጋዩም ሻጩም እንደ ነበረ ጭምር።

ከከተማው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ነጭ አሸዋ የተባለው ዳርቻ ይገኛል። ውሃው ጥርት ያለ ስለ ሆነ ዋና የማይችል ልጅ እንኳ ከጕልበቱ ሳያልፍ ቆሞ ዓሦቹን ያያል። ሙቀቱ የበረታበት ሰው ደግሞ ወደ ጎዳ ተራራ ወጥቶ ዳይ የተባለውን ደን ይመልከት። እዚያ ያለው ዛፍ የእኛው ጽድ ነው፤ ዝናብ ስላነሰው ብዙው ደርቋል፤ የቀረው ግን ለደገኛ ሰው የአገር ሽታ ይሰጣል። ከታጁራ የሚገዛ ነገር የሚፈልጉ የአፋር ጊሌና ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ያገኛሉ። ሰሌኑን በእጅ የሚሠሩት ሴቶቹ ስለ ሆኑ ዋጋውን አብዝቶ መከራከር ነውር ይመስለናል።

ኦቦክ ከታጁራ ወደ ምሥራቅ ርቃ፣ ባሕሩ ወደ ባብ ኤል መንደብ በሚጠብበት አቅጣጫ ትገኛለች። ፈረንሳዮች ቦታውን በመጋቢት 1854 ዓ.ም. በዐሥር ሺሕ ማርትሬዛ ብር ገዝተው ሃያ ዓመት ያህል እንዲሁ ተዉት። በኋላ መርከቦቻቸው ከእንግሊዞች ወደብ ከዓደን ድንጋይ ከሰል በተከለከሉ ጊዜ ላጋርድ የተባለው ሹም መጥቶ ከተማ አቆመባት። ይህ ላጋርድ ኋላ በዐፄ ምኒልክ ፊት የፈረንሳይ መልክተኛ ሆኖ የእንጦጦ መስፍን የተባለው ነው። ነገር ግን ወደ ሐረር ለሚወስደው መንገድ ጅቡቲ የቀረበች፣ መርከብ ለማስጠለልም የተሻለች ስለ ሆነች የመንግሥቱ ሥራ ወደዚያ ተዛወረ፤ ኦቦክም ጸጥ ብላ ቀረች። ከዚያን ጊዜ የቀሩት የአገረ ገዢው ቤትና የመርከበኞች መቃብር ናቸው። በኦቦክ ብዙ የሚደረግ ነገር የለም፤ እኛ የምንወድላት ይህንኑ ነው።

ዳሩ ግን ኦቦክን ያየ ሰው ጸጥታዋን ብቻ አይቶ አይመለስም። ወደ የመን ሊሻገሩ ከአገራችን በእግር የመጡ ወጣቶች በመንገዱ ዳር ውሃ በላስቲክ ይዘው ሲሄዱ ይገናኛሉ። የመን ጦርነት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከ2007 ዓ.ም. አንሥቶ የየመን ስደተኞች በተቃራኒው ተሻግረው በዚያው በኦቦክ ሰፍረዋል። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ጎዶሪያና ኾር አንጋር በተባሉት ዳርቻዎች አጠገብ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በመስከረም 2017 ዓ.ም. ከየመን የሚመለሱ ወገኖች በጀልባ አደጋ በብዛት አልቀዋል። ሹማምንት የሆኑ አንባብያን ለዕረፍት ወርደው ይህን በዓይናቸው ቢያዩት፣ በጽሕፈት ቤት ከሚያነቡት ወረቀት ይልቅ የሚረዳቸው ይመስለናል። አብሮ ያለ ልጅ እነዚህ ወዴት ይሄዳሉ ብሎ ሲጠይቅ ደግሞ መልስ መስጠት ግድ ነው።

ለጉዞው የሚሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። በክረምቱ ወራት ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ስለሚሆን ሕፃን ይዞ መውረድ አይገባም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ወቅት በጉቤት አቅራቢያና በአርታ ዳርቻ እጅግ ግዙፍ፣ ነጠብጣብ ያለበት ሻርክ ይመጣል፤ ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ነገር ስለ ሆነ ሰውን አይነካም። ቢሆንም መሪ ሳይይዙ ወደ እርሱ መዋኘት አይገባም። እናቶች ለልጆች ራስ ሰፊ ባርኔጣ፣ ለእግራቸው በውሃ ውስጥ የሚደረግ ጫማ ይያዙ፤ ከድንጋዩ መካከል ጃርት የሚመስል እሾኻም ፍጡር ይኖራልና። አገሩ የእስላም አገር ስለ ሆነ በከተማው ውስጥ ሲመላለሱ ለብሶ መሄድ የጨዋ ሥራ ነው። ምግብ በኩል፣ እንደ የመኖች ልማድ ለሁለት ተሰንጥቆ በምድጃ የተጠበሰውን ዓሣ ከትኩስ ቂጣ ጋር ሳይቀምሱ አይመለሱ። መርከቡ ዕለት ዕለት ስለማይመላለስ ግን፣ የሚነሣበትን ቀን ጅቡቲ ሳሉ አስቀድመው ይጠይቁ።