50 ኩንታል በአንድ ቺንጊያ ላይ

ዛሬ ቡናውንም ሰሊጡንም ለአንድ ቀን እናሳርፈውና ጭነቱን ስለሚያደርሰው መኪና፣ በተለይ ደግሞ ሞተሩ ላይ ስለምትዞር አንዲት የጎማ ቀለበት እናውራ። የጋራዥ ወሬ ይመስላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ጉዳዩ የገበያ ጉዳይ ነው።

ባለፈው የቡና ሰሞን ከጅማ የተነሳ 50 ኩንታል ቡና ነበረን። መኪናው አሮጌ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር፣ ሹፌሩ በዚያ መንገድ ላይ የሸበተ ሰው ነው። ሳጃን አልፎ ወደ ጊቤ በረሃ ቁልቁለቱን ሲጀምር የባትሪዋ ቀይ መብራት በራች። «ዲናሞ ይሆናል፣ ወልቂጤ ስንደርስ እናሳያለን» ብሎ ቀጠለ። ጥቂት ኩርባ እንደወረደ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነበት፤ ቢረግጠው ቢረግጠው መኪናው አይታዘዝም። ደግነቱ በከባድ ማርሽ እየወረደ ስለነበር ሞተሩ ያዘለት፤ እንደምንም ጥግ አስይዞ አቆመ። ጋቢናውን ገልብጠው ሲያዩ ረዳቱ «ጋሼ፣ ቺንጊያው የለም!» አለ።

ሰው ተረፈ፣ ተመስገን። ጭነቱ ግን ሁለት ቀን ዘገየ። በነዚያ ሁለት ቀናት ዋጋ ወረደና ላኪው «በተነጋገርንበት ቀን ስላልደረሰ ዋጋውን እንደገና እንነጋገር» አለን። በኪሎ 5 ብር ወረድን። 50 ኩንታል 5,000 ኪሎ ነው፤ 25,000 ብር ማለት ነው። ያ የተበጠሰው ቺንጊያ ከሁለት ሳምንት በፊት በጥድፊያ ሲገዛ ሻጩ ከልኩ ጠበብ ያለውን አውጥቶ «ይሄም ይሄዳል» ብሎ ነበር የሰጠው። ሄደ፤ ጊቤ ድረስ።

ቺንጊያው ምን ምን ያዞራል?

ብዙ ሰው ቺንጊያ ሲባል ቬንትሌተሩን ብቻ ያስባል። በአሮጌ ናፍጣ መኪና ላይ ግን ይቺው ቀለበት ውሃ ፓምፑን ታዞራለች፤ እሷ ከቆመች ውሃው አይዘዋወርም፣ ሞተሩ ይፈላል፣ ቴስታታው ይጣመማል። ዲናሞውን ታዞራለች፤ እሷ ከቆመች ባትሪው አይሞላም። ሦስተኛው ግን ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ኤን.ፒ.አሮችና በቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ የፍሬኑን ሰርቮ የሚያግዘው የአየር መምጠጫ ፓምፕ የተገጠመው ዲናሞው ጀርባ ላይ ነው። ዲናሞው ከቆመ ፓምፑም ይቆማል። በሰርቮው ውስጥ የቀረው አቅም ለአንድ ወይ ለሁለት ርግጫ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ በእግር ጉልበት ብቻ ነው የሚሠራው። ለ50 ኩንታል ደግሞ የእግር ጉልበት አይበቃም።

ስለዚህ ለሹፌሮቻችሁ ይቺን አንድ ነገር ንገሩልኝ። ቁልቁለት ላይ የባትሪ መብራት ከበራ ያ የባትሪ ችግር ብቻ አይደለም፤ የፍሬን ማስጠንቀቂያ ነው። ፍሬኑ ገና ሳይደክም በከባድ ማርሽ ይዞ ወዲያው ጥግ ይቁም። «ከተማ ስንደርስ» አይባልም።

ልኩ እንዴት ይነበባል?

ቡና ሳንቀምስና ናሙና ሳናይ አንገዛም። ቺንጊያ ስንገዛ ግን «የኤን.ፒ.አር ስጠኝ» ብለን እንሄዳለን። ኤን.ፒ.አር ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም፤ በየዘመኑ የተለያየ ሞተር ተገጥሞበታል። ከሱቅ በፊት ሊብሬውን አውጡና የሞተሩን ዓይነትና የሻንሲ ቁጥሩን ያዙ። ከዚያ ቺንጊያው ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። በአሮጌ መኪናዎች ላይ በብዛት የሚያጋጥሙን ሦስት ናቸው።

👉 አንደኛው ባለ ፊደል የሆነው ባለ ቪ ቅርጹ ቺንጊያ ነው። «ኤ» የሚለው ከላይ 13 ሚሊ ሜትር፣ «ቢ» የሚለው 17 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የውስጥ ዙሪያው በኢንች ነው። «ቢ 44» ማለት ውስጡ 44 ኢንች፣ ወደ 1,118 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሜትር አውጥቶ በውጭ በኩል ከለካው ወደ 1,187 ያገኛል፤ ልዩነቱ ወደ 7 ሳንቲ ሜትር ነው። በውጭ ለክቶ በውስጥ ቁጥር የጠየቀ ሰው ሌላ ቺንጊያ ይዞ ይመለሳል።

👉 ሁለተኛው ጥርስ ያለው ጠባብ ባለ ቪ ሲሆን «ኤ.ቪ.ኤክስ 10» ወይም «13» የሚል ይጻፍበታል። 10 እና 13 የላይ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ ቀጥሎ ያለው ደግሞ የውጭ ርዝመቱ ነው። ስለዚህ የዚህኛው ቁጥር ከ«ቢ 44» ዓይነቱ ጋር በቀጥታ አይወዳደርም፤ አንዱ በውጭ፣ ሌላው በውስጥ ይለካል።

👉 ሦስተኛው ጠፍጣፋው ባለ መስመር ነው። «6ፒኬ1885» ካለ 6 መስመር አለው፣ ርዝመቱ 1,885 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ አጻጻፍ ሲሆን ደግሞ «ኬ060743» ሊል ይችላል፤ 6 መስመር፣ 74.3 ኢንች ማለት ነው፤ በሚሊ ሜትር 1,887 ገደማ ይሆናል። ቁጥሮቹ ባይመሳሰሉም ቺንጊያዎቹ በጣም ይቀራረባሉ። ይህን የማያውቅ ሰው «የለም» ተብሎ ሲዞር ይውላል።

የቶዮታ ባለቤቶች ደግሞ የኩባንያውን ቁጥር ተጠቀሙ፤ ብዙዎቹ የቶዮታ ቺንጊያ ቁጥሮች በ90916 ነው የሚጀምሩት።

ርዝመት በማጥበቂያው ትንሽ ይስተካከላል። ስፋት ግን በምንም አይስተካከልም። ባለ ቪ ቺንጊያ ኃይል የሚያስተላልፈው በጎንና ጎኑ ፑሌጃውን ነክሶ ነው፤ ታቹ የፑሌጃውን ወለል መንካት የለበትም። የጠበበ ቺንጊያ ወደ ውስጥ ሰምጦ ወለሉ ላይ ይቀመጣል፤ ቢያጠብቁትም ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይቃጠላል። የኛ እንደዚያ ነው የሆነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ቺንጊያው ሲገባ ጀርባው ከፑሌጃው ከንፈር ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ገብቶ ከተደበቀ ይመለስ። ባለ መስመሩም እንዲሁ ነው፤ 6 መስመር ባለው ፑሌጃ ላይ 5 መስመር ማስገባት ጭነቱን በቀሩት ላይ መቆለል ነው።

«አሮጌውን አምጣ» ሁልጊዜ አያዋጣም

አሮጌውን ቺንጊያ ይዞ ሱቅ መሄድ የተለመደ ነው፤ መጥፎም አይደለም። ግን አሮጌው ሲሠራ ኖሮ ሊለጠጥ ይችላል። ከዚያም በላይ እሱ ራሱ በፊት የተሳሳተ ሆኖ የተገጠመ ሊሆን ይችላል። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ ዲናሞው ከሌላ ሞተር መጥቶ የተገጠመ፣ ፑሌጃው የተቀየረ ሊሆን ይችላል። ያኔ የኩባንያው ቁጥርም ቢሆን አይሠራም።

ጥርጣሬ ካለ የማይለጠጥ ገመድ ውሰዱ። ዲናሞውን በማጥበቂያው ላይ ወደ ሞተሩ ጠጋ አድርጉት፤ ግን እስከ ጥግ አይደለም፣ ቺንጊያውን ያለ ግድ ለማስገባት ትንሽ ትርፍ ይቅር። ገመዱን ቺንጊያው በሚሄድበት መንገድ አዙሩና ለኩ። ይህ የምትገዙትን ርዝመት ያቀርባል። ገጥማችሁ ስታጠብቁ ዲናሞው ወደ ውጭ የሚሄድበት ቦታ ገና በብዛት ከቀረ ልኩ ደህና ነው፤ ቺንጊያው ሲለጠጥ ማጥበቂያ አላችሁ። ገና አዲስ ሆኖ ማጥበቂያው ጥግ ከደረሰ ረዝሟል።

ሁለት ቺንጊያ ጎን ለጎን የሚሠሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ በላንድ ክሩዘር 1ኤች.ዜድ ላይ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ ይቀየራሉ፤ ከአንድ አምራች፣ በአንድ ልክ። አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ አዲሱ አጠር ስለሚል ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ቀድሞም ያልቃል። የተረፈውን «ደህናውን» አሮጌ መቀመጫ ስር ለክፉ ቀን አስቀምጡት።

ጎማውም ደረጃ አለው

የድሮ ቺንጊያዎች በብዛት ኒዮፕሪን ከሚባል ጎማ ይሠሩ ነበር። ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ፤ ስንጥቁን አይቶ መቀየር ይቻል ነበር። ዛሬ በተለይ ባለ መስመሮቹ በብዛት ከኢ.ፒ.ዲ.ኤም ጎማ ይሠራሉ። ይህ ሙቀትን በደንብ ይችላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ግን ብዙም ሳይሰነጠቅ እንደ መኪና ጎማ እየሳሳ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ «ስንጥቅ የለውም፣ ገና ነው» የሚለው የድሮ ብያኔ ዛሬ ያሳስታል። መስመሮቹ ጥልቀታቸው ከቀነሰና ጎድጓዳው ከተከፈተ አልቋል። ሁለቱንም የሚያገኛችሁ ከሆነ ለሙቀትና ለከባድ ጭነት ኢ.ፒ.ዲ.ኤሙን ምረጡ።

በሐሰት የታተመም ብዙ ነው። ባንዶ፣ ሚትሱቦሺ፣ ጌትስ የሚሉ የታወቁ ስሞች በአስመሳይ ዕቃ ላይ ይለጠፋሉ። ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን እዩ። ጽሑፉ በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ ልኩ በግልጽ ያልተጻፈ፣ ሲታጠፍ የሚደርቅ ወይም ሲገለበጥ ጎኑ ላይ ክሩ የተበተነ ከሆነ ተዉት። ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታው ወራት የተሰቀለውንም አትውሰዱ፤ አዲስ ቢሆንም አርጅቷል። ደረጃ የሌለው ቡና እንደማትገዙት ሁሉ ልኩና አምራቹ ያልታወቀ ቺንጊያ አትግዙ።

ከመግጠም በፊት፣ ከገጠሙም በኋላ

አሮጌው ለምን ተበላሸ? ይህ ሳይመለስ አዲሱን መግጠም ገንዘብ መድገም ነው። ዘይት ነክቶት ከሆነ የሚያፈሰው ቦታ ይዘጋ። አንድ ጎኑ ብቻ ተበልቶ ከሆነ ፑሌጃዎቹ አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ቺንጊያው ወልቆ ሳለ ዲናሞውንና ውሃ ፓምፑን በእጅ አዙሩ፤ የሚያጉረመርም ወይም የሚወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። ሲጮህ የሚረጩት መድኃኒት ድምፁን ለአንድ ቀን ያስተኛዋል እንጂ በሽታውን አያድንም።

ሲገጠም ማጥበቂያው ይላላ፤ በካቻቪቴ እየፈለቀቁ በግድ ማስገባት ውስጡ ያለውን ክር ይበጥሳል፣ ጉዳቱም ከውጭ አይታይም። ውጥረቱን በተመለከተ ብዙ የጃፓን ማኑዋሎች በሁለት ፑሌጃ መሀል ወደ 10 ኪሎ በሚሆን ኃይል ሲጫን ስንት ሚሊ ሜትር መርገብ እንዳለበት ይናገራሉ፤ ለብዙዎቹ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ የመኪናችሁን ማኑዋል እዩ። የላላ ይንሸራተታል። ከልክ በላይ የጠበቀ ደግሞ የውሃ ፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ባለ ቪ ቺንጊያ መጀመሪያ ላይ ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ትንሽ ከሠራ በኋላ ቀዝቅዞ፣ ከዚያም ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ እንደገና ይታይ። ይቺን ሁለተኛ ማጥበቅ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ አዲስ ቺንጊያ በሳምንቱ መጮህ ከጀመረ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አንድ ነገር እንዳይምታታ፦ ታይሚንግ ቺንጊያ ሌላ ነው። የሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ናፍጣ ሞተሮች አላቸው፤ ሽፋን ውስጥ ስለሆነ አይታይም፣ በኪሎ ሜትር ነው የሚቀየረው። ያንን ለብቻው አስይዙት።

ስሌቱ

እኛ ከዚያ ወዲህ መኪና ስንከራይ ከታሪፉ ጋር ሦስት ጥያቄ እንጠይቃለን። ቺንጊያው መቼ ተቀየረ? ልኩ የተረጋገጠ መጠባበቂያና መግጠሚያ ቁልፍ መኪናው ላይ አለ? ሹፌሩ የባትሪ መብራት ሲበራ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል? ዩኒየኖች በእሸት ቡና ሰሞን ይህን ብታስቡበት ይጠቅማችኋል፤ በዕለቱ ያልተፈለፈለ እሸት ቡና ማደሩን አይችልምና። መንገድ ላይ ያደረ መኪና ደረጃውን ይዞት ይወርዳል።

የተሻለውና የርካሹ ቺንጊያ ልዩነት ስንት ነው? የየሱቁን ዋጋ ጠይቁና በጭነታችሁ ኪሎ አካፍሉት። በ5,000 ኪሎ ላይ የ1,000 ብር ልዩነት እንኳ ቢሆን በኪሎ 20 ሳንቲም ነው፤ ያውም ለአንድ ጉዞ ብቻ ብታስቡት። እኛ 20 ሳንቲም ለማትረፍ 5 ብር ከፈልን። ያውም ሰው ስላልሞተ ነው በብር የምናወራው።

«ይሄም ይሄዳል» ሲሏችሁ «እስከ የት?» ብላችሁ ጠይቁ።

ነገ በተለመደው ሰዓት በዋጋ እንገናኛለን። ለሹፌሮቻችሁ ሼር አድርጉላቸው። መልካም ገበያ፣ መልካም መንገድ።